ዝርዝር ውስጥ የማይገኙ ፈንገሶች፦ የክላይቭ ብሬዚየር የምርምር ዘመንና የደን በሽታ ጥያቄ

በ1960 ቶም ፒስ የተባሉ ብሪታንያዊ የደን በሽታ ሊቅ፣ የኤልም ዛፍን በሽታ በተመለከተ ለሠላሳ ዓመታት ያህል የተሰበሰበውን መረጃ አጠናቅረው አሳተሙ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሽታው ብሪታንያ ውስጥ ከታወቀበት ከ1927 ጀምሮ ከአገሪቱ ኤልሞች ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑትን ፈጅቶ በረድ ብሎ ነበር። ከታመሙት ዛፎች ብዙዎቹ አገግመዋል። ፒስም ይህን ሁሉ መዝነው፣ ፈንገሱ እስካሁን የታየበትን ጠባይ ጨርሶ ካልለወጠ በስተቀር በኤልም ላይ ታላቅ እልቂት ይደርሳል ተብሎ አይጠበቅም ወደሚል ድምዳሜ ደረሱ። ድምዳሜው በመረጃ የተደገፈና በጥንቃቄ የተነገረ ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ ግን በደቡብ እንግሊዝ የኤልሞች ቅጠል በበጋው እኩሌታ እየጠወለገ፣ ትልልቅ ዛፎች በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ከነሥራቸው ይደርቁ ጀመር። ብዙ ሳይቆይ ብሪታንያ ውስጥ ከ25 ሚሊዮን በላይ ኤልሞች አለቁ።

ፒስ የሚወቀሱበት ምክንያት የለም። ያጠኑትን ፈንገስ በትክክል አውቀውታል፤ ዛፎቹን የጨረሰው ግን ሌላ ፈንገስ ነበር፣ ያን ጊዜ ስም ያልወጣለት፣ በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረ። የደን በሽታ ጥናት ትልቁ ጥያቄም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፦ ዛፍ የሚጨርስ አዲስ በሽታ ከየት ይመጣል? ሲመጣስ ለምን ሁልጊዜ ዘግይተን እናውቀዋለን? መልሱ እንደሚመስለኝ ይህ ነው። ደን ከሚያጠፉት ፈንገሶች ዋናዎቹ ገዳይነታቸው አስቀድሞ ታውቆ የሚጠበቁ ጠላቶች አይደሉም። በትውልድ አገራቸው ከዛፋቸው ጋር ተቻችለው የኖሩ፣ ጉዳት ስለማያደርሱም ማንም ልብ ያላላቸው፣ ሰው አንሥቶ ወደ ሌላ ምድር ሲያሻግራቸው ግን ከማያውቁት ዛፍና ከማያውቁት ዘመድ ጋር ተገናኝተው ሌላ ፍጥረት የሚሆኑ ናቸው። ይህ እውነት ከሆነ የታወቁ በሽታዎችን ስም ዝርዝር ይዞ ወደብ ላይ መቆም በባሕርዩ የዘገየ መከላከያ ነው። ለዚህ ክርክር ከማንም በላይ ማስረጃ ያቀረበልን ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በብሪታንያ የደን ኮሚሽን የምርምር ጣቢያ፣ በአሊስ ሆልት፣ የሠሩት የክላይቭ ብሬዚየር የምርምር ዘመን ነው።

ብሬዚየር ሥራ ሲጀምሩ መሠረቱ ተጥሎ ነበር፤ የጣሉትም የኔዘርላንድ ሴት ሳይንቲስቶች ናቸው። በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ዮሐና ቬስተርዳይክ ይመሩት በነበረው ቤተ ሙከራ፣ ቢያ ሽዋርትስ በ1922 ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ኤልሞቹን የሚገድለው ፈንገስ መሆኑን አሳዩ። ብዙ ሰው አላመናቸውም። ገሚሱ ድርቅ ነው አለ፣ ገሚሱ ባክቴሪያ ነው አለ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረጨው መርዝ ጋዝ ነው ያለም ነበር። ክርክሩን የዘጉት ክሪስቲን ቡይስማን ናቸው፤ ጤነኛ ዛፎችን በፈንገሱ እየወጉ በሽታውን በእጃቸው አመጡት። የበሽታው አካሄድም ከዚያ ወዲህ ግልጽ እየሆነ ሄደ። በሞተ ኤልም ቅርፊት ሥር የተፈለፈለ ትንሽ ጥንዚዛ የፈንገሱን ስፖር በገላው ላይ ይዞ ይወጣል፤ ጤነኛ ኤልም ላይ ወጥቶ የለጋ ቀንበጦችን ባላ ሲግጥ ስፖሩ በቁስሉ በኩል ውሃ ወደሚያሳልፉት የዛፉ ቧንቧዎች ይገባል። ዛፉ ራሱን ለመከላከል ቧንቧዎቹን ይደፍናል፤ ደፍኖም በገዛ እጁ በጥም ይሞታል። የታመመ ቀንበጥ በቢላዋ አግድም ቢቆረጥ ከቅርፊቱ ሥር ቡናማ ነጠብጣቦች ቀለበት ሠርተው ይታያሉ። እነዚያ ነጠብጣቦች የተደፈኑት ቧንቧዎች ናቸው።

ብሬዚየርና የሥራ ባልደረባቸው ጆን ጊብስ የአዲሱን እልቂት ምሥጢር የፈቱት በቀላል መሣሪያ ነው። ከታመሙ ኤልሞች የወሰዱትን ፈንገስ ከብቅል በተዘጋጀ አጋር በተባለ የፈንገስ ማሳደጊያ ላይ፣ በፔትሪ ሳህን ውስጥ አሳደጉት። ሳህኖቹን ጎን ለጎን ሲያዩ ፈንገሱ ሁለት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። አንዱ ሰም የተቀባ መስሎ ቀስ ብሎ ይዘረጋል። ሁለተኛው ቶሎ ያድጋል፤ ከመሐል ወደ ዳር በሚሄዱ ጨረር መሰል መስመሮች የተሸነሸነና ጥጥ የለበሰ ይመስላል። ሙቀት ሲለወጥም ልዩነቱ ይጎላል፤ የመጀመሪያው 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲስማማው፣ ሁለተኛው የሚወደው ከ20 እስከ 22 ዲግሪን ነው፤ ለአውሮፓ በጋ የተሠራ ይመስላል። ዛፍ ላይ ሲሞከሩ ዘገምተኛው ኤልሙን አሞ ሲተወው ፈጣኑ ገደለው። ውጤቱ በ1973 ታተመ። በዚያው ዓመት ባወጡት ሌላ ጽሑፍም ኃይለኛው ዓይነት ከካናዳ ከነቅርፊቱ በመጣ የኤልም ግንድ ተጭኖ በብሪታንያ ወደቦች መግባቱን አመለከቱ። ልብ ይባል፣ በወቅቱ በሕግ ዓይን የኤልም በሽታ አንድ ነበር፤ አገሩም ከገባ አርባ ዓመት አልፎታል። አገር ውስጥ ያለ በሽታ እንዳይገባ ግንድ የሚከለክል ሕግ አውጪ አይኖርም። ስሙ አንድ በመሆኑ ብቻ በሩ ክፍት ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሃያ ዓመታት የፈንገሱን የዘር ሐረግ በመፈለግ አለፉ። በ1979 ብሬዚየር ኃይለኛው ፈንገስ ራሱ አንድ እንዳልሆነ፣ አንደኛው ክንፍ ከሰሜን አሜሪካ፣ ሌላው ከምሥራቅ አውሮፓ ተነሥተው አውሮፓ ውስጥ እንደተገናኙ ጻፉ። በ1991 ኃይለኛው የራሱ ዝርያ መሆኑ ታውጆ ኦፊዮስቶማ ኖቮ-ኡልሚ ተባለ። እልቂቱ ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎ፣ ዛፎቹ ካለቁ በኋላ ማለት ነው። ብሬዚየር የፈንገሱን የትውልድ አገር ፍለጋ ወደ ቻይና ቢሄዱም አላገኙትም። በምዕራብ ሂማላያ ግን ትልቅ ነገር አገኙ። በዚያ ባሉት ኤልሞች ቅርፊት ሥር፣ ጥንዚዛዎች በቆፈሯቸው ቦዮች ውስጥ፣ የዚሁ ቤተሰብ የሆነ ሦስተኛ ዝርያ ይኖራል። ቅርፊቱን ተጋርቶ ከመኖር በቀር በዙሪያው ያሉት ኤልሞች የሕመም ምልክት አያሳዩም። በ1995 ኦፊዮስቶማ ሂማል-ኡልሚ ተብሎ ስም ወጣለት። ይህ ፈንገስ በቤተ ሙከራ በአውሮፓ ኤልም ላይ ሲሞከር ገዳይ ነው። አንድ የኳራንቲን ባለሙያ ከ1995 በፊት ያንን ደን ቢጎበኝ በማስታወሻው የሚጽፈው አደጋ አያገኝም ነበር፤ ዛፎቹ ጤነኞች ናቸውና። አደጋው በፈንገሱ ውስጥ ብቻ ወይም በዛፉ ውስጥ ብቻ ተቀምጦ አልነበረም፤ የሚወለደው ሁለቱ በተዋወቁ ቀን ነው።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ግን የቫይረሱ ጉዳይ ነው፤ የፈንገስ ሥነ ምህዳር የሚባለው ሙያ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ የሚያሳይ ሥራ ነው። በ1983 ብሬዚየር ፈንገሱ ራሱ እንደሚታመም አስታወቁ። የታመመው ፈንገስ በሳህኑ ላይ እየተጎሳቆለ፣ ጠርዙ እየተሸራረፈ ያድጋል፤ ስፖሮቹም ብዙዎቹ አይበቅሉም። በሽታው ቫይረስ ነው፤ የሚተላለፈውም የሁለት ፈንገሶች ክሮች ተነካክተው ሲዋሐዱ ነው። ክሮቹ የሚዋሐዱት ግን ከአንድ ወገን ከሆኑ ነው። ባዕድ ከሆኑ በተገናኙበት መስመር ላይ ሴሎቻቸው ይሞቱና በሁለቱ መካከል ድንበር ይሰመራል፤ ቫይረሱም በአብዛኛው ድንበሩን አይሻገርም። እልቂቱ ወደ አዲስ አካባቢ ሲገባ ከፊት የሚሄደው ፈንገስ በሙሉ የአንድ እናት ግልባጭ ነበር፤ ስለዚህ ቫይረሱ እንደ ልቡ ተስፋፋበት። ፈንገሱ በገዛ ወረርሽኙ ሊጠፋ ይችላል የሚል ተስፋም ተፈጠረ። ተስፋው ብዙ አልቆየም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእነዚያው ቦታዎች ያለው ፈንገስ ተቀይጦ፣ እርስ በርሱ የማይዋሐድ ብዙ ወገን ሆኖ ተገኘ፤ ቫይረሱም መተላለፊያ አጣ። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? በ2006 ብሬዚየርና ባልደረቦቻቸው በዘረመል ምርመራ መልሱን አወጡ። አዲሱ ፈንገስ እያፈናቀለ የመጣውን የድሮውን፣ ያንን ደካማውን ኦፊዮስቶማ ኡልሚን፣ አልፎ አልፎ ተዳቅሎት ነበር። ዲቃሎቹ ራሳቸው ደካሞች ስለሆኑ ወዲያው ይጠፋሉ፤ ዘረመል ማሻገሪያ ድልድይ ሆነው ግን አገልግለዋል። በዚያ ድልድይ አዲሱ ፈንገስ ከቫይረስ የሚከላከሉለትን ዘረመሎች ወሰደ፤ የጎደለውን የመራቢያ ዓይነትም ጭምር። በ1920ዎቹ የገባው ቀላል በሽታ በ1970ዎቹ ለገባው ከባድ በሽታ ስንቅ ሆነው።

ይህን ያህል የዘረዘርኩት የሚከተለው ነጥብ በእሱ ላይ ስለቆመ ነው። ብዙ የደን ባለሥልጣናት፣ አንዳንድ ሳይንቲስቶችም ጭምር፣ አንድ በሽታ አገር ውስጥ ከገባ በኋላ የዚያው በሽታ ዘመድ ቢጨመርበት ለውጥ የለውም ብለው ያስባሉ። የኤልም ታሪክ ይህን አስተሳሰብ ያፈርሰዋል። ሁለተኛው እንግዳ ሲመጣ የመጀመሪያው እንግዳ ይጠብቀዋል፤ ተገናኝተውም ብቻቸውን ያልነበራቸውን ነገር ያገኛሉ። ኤልም ብቻውን ቢሆን ኖሮ እንደ ልዩ አጋጣሚ ልንቆጥረው እንችል ነበር። ብሬዚየር ግን በ1990ዎቹ ያንኑ ነገር በሌላ ዛፍ፣ ደግሞም በሌላ የፍጥረት ወገን ላይ አገኙት። በ1993 በደቡብ እንግሊዝ ወንዞች ዳር አልደር የተባለው ዛፍ ግንዱ ሥር ዝገት የመሰለ ፈሳሽ እያወጣ ሲደርቅ ታየ። ተጠያቂው ፋይቶፍቶራ ነው፤ በ1840ዎቹ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ሕዝቡን ለረኃብ የዳረገው የዚያ ወገን ማለት ነው። ፋይቶፍቶራ አኗኗሩ ፈንገስ ይምሰል እንጂ በዘር ለባሕር አረም ይቀርባል፤ የደን በሽታ ሊቃውንት ግን ከፈንገስ ጋር አብረው ያጠኑታል። አልደርን የሚገድል ፋይቶፍቶራ ቀድሞ አይታወቅም ነበር። በ1999 ብሬዚየርና ባልደረቦቻቸው የሁለት ዝርያዎች ዲቃላ መሆኑን አሳዩ፤ በኋላም በባቫርያ የተደረገ ጥናት በችግኝ ጣቢያ የተገዙ የአልደር ችግኞች በሽታውን ይዘው እንደሚወጡ አረጋገጠ። የዲቃላ ፈንገስ ስም በየትኛው ዝርዝር ላይ ይጻፋል? ከመወለዱ በፊት አይጻፍም።

ሕግ ስም እየጠበቀ እንዴት እንደሚታለል በግልጽ ያሳየው ደግሞ የአሽ ዛፍ ጉዳይ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፖላንድ ውስጥ አሾች ከጫፋቸው እየደረቁ ሲሞቱ ታዩ፤ ገዳዩ ፈንገስ ተለይቶ ስም ያገኘው በ2006 ነው። በ2009 ይህ ፈንገስ በአውሮፓ ከጥንት ጀምሮ በወደቀ የአሽ ቅጠል ላይ በሰላም የሚኖር አገር በቀል ፈንገስ ነው ተባለ። አገር በቀል ከሆነ ደግሞ የችግኝ ንግድን በእሱ ምክንያት ማገድ አይቻልም። ስለዚህ ከታመሙ አካባቢዎች የአሽ ችግኝ ወደ ብሪታንያ መግባቱን ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ በዘረመል ሲመረመር ገዳዩ አገር በቀሉን በመልክ የሚመስል ሌላ ዝርያ ሆኖ ተገኘ፤ ምንጩም ምሥራቅ እስያ ነበር፣ በዚያ አገር አሽ ቅጠል ላይ ብዙም ሳይጎዳ የሚኖርበት። ብሪታንያ በጥቅምት 2012 የአሽ ችግኝ እንዳይገባ ስታግድ በሽታው ገብቶ አድሮ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህን ለመሰለ ነገር ነው። ጥፋቱን በአንድ ተመራማሪ የስም አወጣጥ ስሕተት ላይ መጣል ግን ተገቢ አይመስለኝም። ፈንገሶቹ በመልክ በእርግጥም ይመሳሰላሉ። ጥፋቱ ዛፎች በሺህ ኪሎ ሜትሮች ላይ እየሞቱ ሳለ ስሙ እስኪጣራ ችግኝ ይለፍ ያለው አሠራር ነው።

ይህን ክርክር ብዙ ሰዎች ይቃወሙታል፤ ተቃውሟቸውም ክብደት አለው። የመጀመሪያው ከንግድ ሕግ ወገን የሚመጣ ነው። ያልታወቀን አደጋ ምክንያት እያደረጉ ዕቃ መከልከል ከተፈቀደ፣ ማንኛውም አገር የራሱን ነጋዴ ለመጥቀም ሳይንስን ሽፋን ያደርጋል፤ በ1995 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ንግድ ድርጅት የዕፅዋትና የእንስሳት ጤና ስምምነት ማስረጃ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው ይላሉ። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ደሃ አገሮች አበባና ፍራፍሬ ለመላክ ሲሞክሩ በዚህ ዓይነት ሰበብ በር ሊዘጋባቸው ይችላል። ነገር ግን ማስረጃ ማለት የአንድ በሽታ ስም ማለት መሆን የለበትም። ከነሥሩና ከነአፈሩ የሚጓጓዝ ሕያው ተክል ያልታወቁ ፍጥረታትን እንደሚያመላልስ የተረጋገጠ ነው። በ2000 ገደማ በሳይንስ የታወቁት የፋይቶፍቶራ ዝርያዎች 60 ያህል ነበሩ፤ ዛሬ ከ200 በላይ ናቸው። ካሊፎርንያ ውስጥ ኦክን የጨረሰው ፋይቶፍቶራ ራሞረም በ1990ዎቹ እልቂቱን ጀምሮ ስም ያገኘው በ2001 ነው። በ2009 ደግሞ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ማንም ባልጠበቀው ዛፍ፣ በጃፓን ላርች ላይ፣ ተነሣ። ምንጩ የምሥራቅ እስያ ደን መሆኑን፣ በቬትናምና በጃፓን እንደሚኖር፣ ያወቅነው በ2020ዎቹ መጀመሪያ ነው። አንድ የንግድ መንገድ ይህን ያህል ጊዜ እየደጋገመ የማይታወቅ ነገር ካመጣ መንገዱ ራሱ ማስረጃ ነው። ስምምነቱም ቢሆን ማስረጃው ሲጎድል ጊዜያዊ እርምጃ መውሰድን ይፈቅዳል። የተቆረጠ አበባን ከነአፈሩ ከሚጓዝ ዛፍ መለየትም ለላኪ አገሮች ይበጃል፤ አደጋው የመንገዱ እንጂ የላኪው ዜግነት አይደለምና።

ሁለተኛው ተቃውሞ መድኃኒቱ ከራሱ ከተፈጥሮ ይገኛል የሚል ነው። ቀላል ተቃውሞ አይደለም፤ እውነተኛ ድሎች አሉት። ጆን ሪሽቤዝ የተባሉት የካምብሪጅ ሊቅ የጥድን ሥር የሚያበሰብሰው ፈንገስ አዲስ በተቆረጠ ጉቶ ላይ በሚያርፍ ስፖር እንደሚጀምር ደርሰውበት፣ በ1963 ጉቶውን ቀድሞ በሚይዝ ሌላ ጉዳት የለሽ ፈንገስ የመከላከል ዘዴ አቀረቡ፤ ዘዴው እስከ ዛሬ በአውሮፓ ደኖች ይሠራበታል። በአውሮፓ ቼስትነት የተባለውን ዛፍ ያጠቃው ፈንገስም በቫይረስ ተዳክሞ ብዙ ዛፎች ድነዋል። ታዲያ ያው ቫይረስ በአሜሪካ አልሠራም፤ በዚያ ከ3 ቢሊዮን በላይ ዛፎች ሞተዋል። ልዩነቱን የሚያስረዳው ከላይ በኤልም ያየነው ነገር ነው፦ በአውሮፓ የፈንገሱ ወገኖች ጥቂት ስለሆኑ ቫይረሱ ከክር ወደ ክር ይሻገራል፣ በአሜሪካ ግን ወገኖቹ ብዙ ናቸው። እንግዲህ ከውጭ የሚገባ እያንዳንዱ ተጨማሪ የፈንገስ ወገን ይህንኑ የተፈጥሮ መድኃኒት ያመክነዋል። መድኃኒቱን የሚወድ ሰው ከማንም በፊት በሩ እንዲጠበቅ መጠየቅ ያለበት ይመስለኛል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ በቡና ደርሶብናልና። የቡና ፍሬ በሽታ መጀመሪያ የተመዘገበው ኬንያ ውስጥ በ1922 ነው፤ ከአገሩ ወጥቶ በሄደበት ምድር ዓረቢካ ቡና ከዚህ ፈንገስ ጋር ተገናኘ። በ1971 በሽታው ወደ ቡናው የትውልድ አገር ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ያዳነን ምን እንደሆነ የጅማ ምርምር ሰዎች በሚገባ ያውቁታል፦ ከደንና ከገበሬ ማሳ ከተለቀሙ እናት ዛፎች መካከል በሽታውን የሚቋቋሙት ተመርጠው ተባዙ። ገበሬው ዛሬም 74110 እና 74112 እያለ የሚጠራቸው ዝርያዎች ቁጥራቸው የሚጀምረው በተመረጡበት በ1974 ነው። የቡናን ግንድ የሚያደርቀው ፉዛሪየም ደግሞ ታሪኩ ከኤልም ታሪክ ጋር ይገጥማል። አንደኛው ወገኑ ዓረቢካን ብቻ፣ ሌላው ሮቡስታን ብቻ ያጠቃል፤ በ2024 የታተመ የዘረመል ጥናት ይህ ፈንገስ ከሌላ የፉዛሪየም ዝርያ ትልልቅ የዘረመል ቁራጮች መውሰዱን አሳይቷል። መቋቋሚያው በደናችን መገኘቱ ዕድል ነው፤ ግን ያንን መቋቋሚያ የያዘው ደን ሲመነጠር የሚቀጥለው በሽታ ባዶ እጃችንን ያገኘናል። የባሕር ዛፍ፣ የፈረንጅ ጽድና የፓቱላ ጥድ ተከላችን ደግሞ ከውጭ በመጡ ዛፎች ላይ የቆመ ነው። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባደረጉት ጥናት በእነዚህ ተከላዎች ላይ ሥር የሚያበሰብስ አርሚላሪያና የባሕር ዛፍን ግንድና ቅጠል የሚያቆስሉ ፈንገሶችን አግኝተዋል።

ሌላው ጥያቄ ከራሱ ከሳይንሱ ወገን ይነሣል፤ ዘረመልን በሰዓታት የሚያነብ መሣሪያ ባለበት ዘመን፣ ሃምሳ ዓመት አንድ ፈንገስ የሚከታተል ሰው ለምን ይደገፋል? የ2006ቱን ግኝት መለስ ብሎ ያየ መልሱን ያገኘዋል። መሣሪያው ያነበበው ብሬዚየርና ባልደረቦቻቸው ከአውሮፓ ብዙ ቦታዎች፣ እልቂቱ ገና ሲገባና ከገባ ከዓመታት በኋላ፣ እየሰበሰቡ ያኖሯቸውን ናሙናዎች ነው። የቡናው ጥናትም የተቻለው ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተለቀሙ የፈንገስ ናሙናዎች ሳይጣሉ ስለቆዩ ነው። ቬስተርዳይክ ያሳደጉት የፈንገስ ክምችት ዛሬ በዩትሬክት በስማቸው በሚጠራ ተቋም ከ100,000 በላይ ናሙናዎች ይዞ ይገኛል። መሣሪያ የሚነግረን ሁለት ናሙናዎች መለያየታቸውን ነው። አንዱ ዛፍ እንደሚገድል፣ ሌላው እንደማይገድል፣ በየትኛው ሙቀት እንደሚያድግ፣ በየትኛው ጥንዚዛ እንደሚጓዝ የሚታወቀው ግን በጫካና በሳህን ላይ በሚጠፋ ዘመን ነው። በፕሮጀክት ሦስት ዓመት የሚመደብለት ተመራማሪ ቫይረሱ ሲስፋፋ ያይና ተስፋ ጽፎ ይሄዳል፤ ቫይረሱ መተላለፊያ ሲያጣ የሚያየው የቆየው ነው።

ብሬዚየር በ2008 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ሁሉ ወደ ፖሊሲ አመጡት። ዝርዝርን መሠረት ያደረገው የኳራንቲን ሥርዓት ላልታወቁ ፈንገሶች ክፍት እንደሆነ ጻፉ፤ መከላከሉም ከስም ወደ መንገድ እንዲዞር፣ በተለይ ከነአፈሩ የሚጓጓዝ ተክል እንዲገደብ ጠየቁ። ኒውዚላንድ ይህን የሚመስል ጥብቅ ሥርዓት ቀድማ ይዛ ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ በሠራበት አዲስ ሕግ ኦክን፣ አሽንና ኤልምን ጨምሮ የበርካታ ወገኖች ተካይ ዛፎች ከኅብረቱ ውጭ እንዳይገቡ፣ አደጋቸው ተመርምሮ እስኪፈቀድ ድረስ፣ ከልክሏል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ የማስረጃውን ሸክም ከደኑ ወደ ነጋዴው አዙሮታልና። ክልከላው ያልነካው የኅብረቱን የውስጥ ንግድ ነው። ትልልቅ ዛፎች ከነአፈራቸው በመኪና ተጭነው ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የተክል ፓስፖርት በተባለ የጤና ሰነድ ብቻ ይሻገራሉ። በ2016 የታተመ የብዙ አገሮች ተመራማሪዎች የጋራ ጥናት፣ ከመረመራቸው 732 የአውሮፓ ችግኝ ጣቢያዎች ውስጥ በ670ው ፋይቶፍቶራ አግኝቷል፤ ብዙዎቹ ችግኞች በዓይን ሲታዩ ጤነኛ መሳይ ነበሩ። ፓስፖርቱ የሚሰጠው ደግሞ በዋናነት ተክሉ በዓይን ታይቶ ነው። ከውጭ የሚመጣው ዛፍ ላይ የተጣለው ግዴታ በእነዚህ ጣቢያዎች ላይም መጣል አለበት፦ ማሰሮው መሬት ሳይነካ ከፍ ባለ መደብ ላይ እንዲቀመጥ፣ የመስኖው ውሃ እንዲጣራ፣ ከመሸጡ በፊት አፈሩና ሥሩ በቤተ ሙከራ እንዲመረመር።